የስሙን ቅንፍ አትዝለሉ

ባሕር ዳር ሆናችሁ ሥነ ሕይወት ለምታጠኑ ልጆቼ፤

ዓባይ ከጣና በሚወጣበት ዳር ጉማሬ ለምዶ ያደገ ሰው አጭር ኩምቢ መሰል አፍንጫ ያለውን የታፒርን ሥዕል ሲያይ፣ የእንስሳት ሳይንሳዊ አሰያየምን የጀመረው ስዊድናዊ ሊቅ ሊኔየስ ያሰበውን ያስባል። ሊኔየስ በ1758 የደቡብ አሜሪካውን ታፒር «ሂፖፖታመስ ቴሬስትሪስ» ብሎ መዘገበው፤ የየብስ ጉማሬ ማለት ነው። ድብልብል ገላ፣ ወፍራም ቆዳ፣ ውኃ መውደድ፦ አንዱም ዝምድና አያስረዳም።

እግሩን መርምሩ። የታፒር የኋላ እግር ሦስት፣ የፊቱ አራት ጣት አለው። ብዙ ተማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ አራት ቆጥሮ ጣታቸው ጥንድ ከሆነው ከጉማሬና ከበሬ ጋር ይመድበዋል። መቆጠር ያለበት ጣት ብቻ አይደለም፣ ክብደቱ በየት በኩል እንደሚወርድም መታየት አለበት። በታፒር ዋናውን ሸክም የሚይዘው ሦስተኛው ጣት ነው፤ ትንሿ የውጭ ጣት የምትረዳው መሬቱ ሲለሰልስ ነው። በጉማሬ ግን ክብደቱ በሦስተኛውና በአራተኛው ጣት መካከል ያልፋል። ስለዚህ ታፒር የፈረስና የአውራሪስ ዘመድ ነው። ጉማሬ የሚቀርበው ለዓሣ ነባሪ ነው፤ ይህን መጀመሪያ ሲሰሙት የማይደነቅ የለም።

ዛሬ ስሙ «ታፒረስ ቴሬስትሪስ (ሊኔየስ፣ 1758)» ተብሎ ይጻፋል። ከዝርያው ስም ቀጥሎ ያሉት ሰያሚውና የተሰየመበት ዓመት ናቸው። ቅንፉ ሊኔየስ ዝርያውን ሲሰይም በሌላ ጂነስ (የሚዛመዱ ዝርያዎች ምድብ፣ የስሙ የመጀመሪያ ቃል) ውስጥ አስቀምጦት እንደነበር ይናገራል። የእስያው «ታፒረስ ኢንዲከስ ዴማሬ፣ 1819» ቅንፍ የለውም፤ ከመጀመሪያው ታፒረስ ተብሏልና። አንዳንድ ባለሙያዎች እሱን ለይተው አክሮኮዲያ ይሉታል። ያን ከተከተላችሁ ቅንፍ ጨምሩ፣ ኢንዲከስንም ኢንዲካ አድርጉ፤ አዲሱ የጂነስ ስም አንስታይ ነው። እንስሳው የሚኖረው በማላይ ልሳነ ምድርና በሱማትራ አካባቢ እንጂ በሕንድ አይደለም፤ ቢሆንም ኢንዲከስ፣ ማለትም የሕንድ፣ የሚለው ስሙ ስላልገጠመ ብቻ አይለወጥም።

የማያከራክሩት የታፒር ዝርያዎች አራት ናቸው። በ2013 የተሰየመውን ካቦማኒን አምስተኛ አድርጋችሁ ስትቆጥሩ የማንን አመዳደብ እንደተከተላችሁ ጻፉ፤ ራሱን የቻለ ዝርያ መሆኑ ገና ያከራክራል።

ከስም ጋር ያለውን ዓመት ደግሞ ወደ እኛ አቆጣጠር አትመልሱት። ዓመቱ የስሙ ቀዳሚነት ማስረጃ ነው፤ ከተነካ ቀዳሚው ኋለኛ ሊመስል ይችላል።

ለልምምድ ከደጃችሁ ጀምሩ። በጎርጎራ የተሰየመው የጣና ዓሣ «ሌቢዮባርበስ ጎርጎሬንሲስ (ቢኒ፣ 1940)» ነው። ቅንፉ ለምን እንደገባ ራሳችሁ ፈልጉ፤ ቢኒ መጀመሪያ ባርበስ ብሎት ነበር።