የብሎን መጋቢ ማሽን ከመግዛታችሁ በፊት፦ ጥያቄና መልስ

ለመገጣጠሚያ መስመራችሁ የብሎን መጋቢ፣ ማለትም ብሎኑን አስተካክሎ ለማሽኑ ካቻቪቴ የሚያቀርብ መሣሪያ፣ ልትገዙ ያሰባችሁ ጠይቁ፣ በየተራ እመልሳለሁ። የብሎኑን ልኬት ይዛችሁ ኑ። እሱ ሳይታወቅ ማሽን መምረጥ ግምት ነው።

ጥያቄ፦ ብሎኑን በአየር ገፍቶ በቱቦ እስከ ካቻቪቴው ጫፍ የሚያደርሰው ይሻላል ወይስ ሐዲድ ላይ ደርድሮ የሚያቀርበው?

መልስ፦ ብሎኑ ራሱ ይመልስልዎታል። ከጭንቅላቱ አናት እስከ ጫፉ ያለውን ጠቅላላ ርዝመት ለጭንቅላቱ ስፋት ያካፍሉ። ውጤቱ 1.5 እና ከዚያ በላይ ከሆነ በቱቦ ይሄዳል። ወደ 1.2 ከወረደ ቱቦ ውስጥ የመገልበጥ ዕድሉ ሰፊ ነው፤ የተገለበጠ ብሎን ደግሞ ካቻቪቴው ጫፍ ላይ ብሎኑን የሚይዘው መንጋጋ ላይ ተሰንቅሮ መስመሩን ያቆማል።

ለምሳሌ ድቡልቡል ጭንቅላት ያለው ኤም4 ብሎን (የእግሩ ውፍረት 4 ሚሊ ሜትር የሆነ) የጭንቅላቱ ስፋት 8፣ ከፍታው 3.1 ሚሊ ሜትር ነው። እግሩ 12 ሚሊ ሜትር ከሆነ 15.1 ለ8 ሲካፈል 1.9 ይመጣል፤ ያለ ችግር ያልፋል። እግሩ 6 ከሆነ ግን 9.1 ለ8፣ ማለትም 1.14 ነው። ሁለቱም ኤም4 ናቸው፤ አንዱ በቱቦ ይሄዳል፣ ሌላው አይሄድም። ጭንቅላቱ ጠልቆ የሚገባ ዓይነት ከሆነ የተጻፈው ርዝመት ጭንቅላቱንም ስለሚጨምር ደግመው አይደምሩ።

ጥያቄ፦ የእኛ 1.2 አይሞላም። ምን እናድርግ?

መልስ፦ ሐዲድ ላይ የሚደረድረውን ይውሰዱ፤ ካቻቪቴው ሄዶ በማግኔት ወይም በቫኪዩም ያነሳዋል። ብዙው የማይዝግ ብረት ማግኔት በደንብ ስለማይዘው ለእሱ ቫኪዩም ያስፈልጋል። ምልልሱ ለእያንዳንዱ ብሎን አንድ ሁለት ሰከንድ ሊጨምር ስለሚችል ሂሳብዎ ውስጥ ያስገቡት።

ጥያቄ፦ በ30 ሰከንድ አንድ ምርት፣ በአንዱ ላይ 8 ብሎን። በደቂቃ 16 የሚመግብ ይበቃል አይደል?

መልስ፦ አይበቃም። ምርቱን ለማስገባትና ለማውጣት 6 ሰከንድ ቢሄድ ለ8ቱ ብሎኖች የሚቀረው 24 ሰከንድ ነው፤ ለአንዱ 3 ሰከንድ፣ በደቂቃ 20 ማለት ነው። ለመጠባበቂያ ሩቡን ጨምረው 25 ይጠይቁ። በዚያ ላይ 3 ሰከንዱ የካቻቪቴውን መውረድ፣ ማጥበቅና መመለስ ሁሉ ይይዛል፤ እዚያ ውስጥ ካልገባ ፈጣን መጋቢ አያድንዎትም፣ ሁለተኛ ካቻቪቴ ያስፈልጋል።

ጥያቄ፦ በሚንቀጠቀጥ ሳህን የሚሠራ መጋቢ አለን፤ በየሰዓቱ ይቆማል። ሻጩ ብሎኑን፣ እኛ ማሽኑን እንወቅሳለን።

መልስ፦ የቆመበትን ቦታ በየጊዜው ይመዝግቡ፤ ምክንያቱ እዚያው ነው።

ሳህኑ ውስጥ ከሆነ ብዙ ጊዜ ከመጠን በላይ ተሞልቷል። ክብደቱ ንዝረቱን ያፍነዋል፤ ከግማሽ በታች ያድርጉት። የሐዲዱ መግቢያ ላይ ከሆነ ጭንቅላት የሌለው፣ የታጠፈ ወይም ከሌላ መጠን የተቀላቀለ ብሎን ይፈልጉ። ይህን እባካችሁ አትናቁት፦ ከ1000 አንድ ብሎን ብቻ ቢበላሽ፣ በቀን 1000 ምርት በ8 ብሎን ለሚሠራ መስመር በቀን 8 ማቆሚያ ነው። ለአውቶማቲክ መስመር ተለይቶ የተጣራ ብሎን በውድ መግዛት የሚያዋጣው ለዚህ ነው። ቱቦው ውስጥ ከሆነ ደግሞ የአየሩን እርጥበት፣ የቱቦውን መታጠፊያና የውስጡን መበላት ይዩ። ዘይት የበዛበት ብሎን አቧራ ይሰበስብና ሐዲዱን ያጣብቃል።

ጥያቄ፦ 60 ኸርዝ ካለበት አገር ያገለገለ መጋቢ ብናመጣ 50 ኸርዝ ላይ ይሠራል?

መልስ፦ ይበራል፣ ግን ብሎኑ በጣም ቀስ ብሎ ሊሄድ ይችላል ወይም ጭራሽ ላይወጣ ይችላል። የሳህኑ ስፕሪንጎች የተቃኙት ለመጣበት ድግግሞሽ ነው። ድግግሞሹን ራሱ የሚያመነጭ መቆጣጠሪያ ይግጠሙለት፣ ካልሆነ ስፕሪንጎቹን ቀንሶ የሚያስተካክል ባለሙያ ያስፈልጋል።

ጥያቄ፦ የምንገጣጥመው የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ነው። የብረት ብናኝ ያሳስበናል።

መልስ፦ ስጋታችሁ ትክክል ነው። ሳህን ውስጥ ብሎኖች ቀኑን ሙሉ ስለሚፋተጉ ሽፋናቸው ይረግፋል። ጥቂት ጥቂት እያነሳ በደረጃ ወደ ላይ የሚያወጣው ዓይነት ፍትጊያው በጣም ያነሰ ነው። ካቻቪቴው ጫፍ ላይም ብናኝ የሚስብ ቫኪዩም ያስገጥሙ።

ጥያቄ፦ ቶርኩን (ብሎኑ የሚጠብቅበትን የመጠምዘዣ ኃይል) ብቻ ብንቆጣጠር አይበቃም?

መልስ፦ ጥርሱ ተጣሞ የገባ ብሎን ሳይወርድ ቶርኩን ሊሞላ ይችላል፤ ማሽኑም ደህና ነው ብሎ ያሳልፈዋል። የዞረበትን አንግል ወይም የወረደበትን ጥልቀት አብሮ የሚለካ ይግዙ።

ጥያቄ፦ አንድ መጋቢ ለሁለት መጠን ይሆናል?

መልስ፦ ሳህኑ፣ ሐዲዱ፣ ቱቦውና መንጋጋው ለአንድ ብሎን የተሠሩ ናቸው። ሁለት መጋቢ ይግዙ።

ጥያቄ፦ ክፍያ ከመፈጸማችን በፊት ምን እንፈትሽ?

መልስ፦ ከተለያየ ዙር የመጡ የራሳችሁን ብሎኖች በሺዎች ለሻጩ ላኩለት፤ የእሱን ናሙና አትቀበሉ። አንድ ሙሉ ፈረቃ አስሠሩትና ስንት ጊዜ እንደቆመ ቁጠሩ። ከዚያ ሆን ብላችሁ የታጠፈ ብሎን ጨምሩበትና የራሳችሁ ኦፕሬተር ያለ መፍቻ ከፍቶ ያውጣው፤ ሰዓት ያዙ። ከአንድ ደቂቃ ካለፈ ዲዛይኑ እንዲሻሻል ጠይቁ። መንጋጋ፣ የካቻቪቴ ጫፍ፣ ቱቦና ሴንሰር በመለዋወጫነት ከማሽኑ ጋር አብረው እንዲመጡ ውሉ ላይ ይጻፍ።