ማታ የተዘጋ የሚመስለው ዊንዶውስ

ጥያቄ፦ የኮሌጅ ኮምፒውተር ላብ ነው የምጠብቀው። 24ቱም ማሽኖች ላይ ዊንዶውስ 10 እና ኡቡንቱ የሚባሉ ሁለት ስርዓተ ክወናዎች አሉ። ተማሪዎች ሥራቸውን የሚያስቀምጡት ሁለቱም በሚያዩት፣ ዲ በሚባለው የዲስክ ክፍል ላይ ነው። ጠዋት ኡቡንቱ ስንከፍት ዲ አይጻፍበትም። ቀን ላይ ሪስታርት አድርገን ስንቀያይር ግን ይሠራል። በፊት የመጣ ባለሙያ ግማሾቹ ላይ ኤንቲኤፍኤስፊክስ የሚባል ትእዛዝ ኡቡንቱ ሲነሳ በራሱ እንዲሠራ አደረገልን። አሁን እነዚያ ላይ ፋይል ይጠፋል። የዊንዶውስ ሰዓትም 3 ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል። ዲስኮቹ ተበላሽተው ይሆን?

መልስ፦ እህቴ፣ ዲስክ ለመግዛት አትቸኩዪ። «ጠዋት እምቢ ይላል፣ ሪስታርት ስናደርግ ይሠራል» ያልሽው ነገሩን ይነግረኛል። የተበላሸ ዲስክ ጠዋትና ከሰዓት አይለይም። የምጠረጥረው የዊንዶውስን ፋስት ስታርትአፕ ነው።

ከሁሉ በፊት ግን ዛሬውኑ የተማሪዎቹን ሥራ ወደ ሌላ ሃርድ ዲስክ ገልብጪ። ዲን ደግሞ ኡቡንቱ እምቢ ሲል በግድ አትክፈቱት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማታ ተማሪው ሸት ዳውን ሲል ዊንዶውስ የጠፋ ይመስላል። ግን አልጠፋም። ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ የተማሪውን ፕሮግራሞች ይዘጋና የራሱን ውስጠኛ ክፍል፣ ከርነሉን፣ እንዳለ በአንድ ድብቅ ፋይል ውስጥ አስቀምጦ ይተኛል። ጠዋት እሱን አንስቶ ካቆመበት ይቀጥላል። ቶሎ የሚነሳውም ለዚህ ነው። ካስቀመጠው ውስጥ ደግሞ የዲ መዝገብ አለ፤ የትኛው ፋይል የት እንዳለ፣ የትኛው ቦታ ባዶ እንደሆነ። በመሀል ኡቡንቱ ገብቶ ዲ ላይ አዲስ ፋይል ቢጽፍ ዊንዶውስ አያውቅም። ሲነቃ የሚያምነው የትናንቱን መዝገብ ነው። የተማሪው ፋይል ያለበትን ቦታ ባዶ ነው ብሎ ሌላ ነገር ይጽፍበታል። የዕቃ ግምጃ ቤቱ ኃላፊ መዝገቡን ቦርሳው ውስጥ ከቶ ወደ ቤቱ ሄዶ፣ ሌላ ሰው ማታ ዕቃ ሲያስገባ እንደማለት ነው። ኡቡንቱ ይህን ስለሚያውቅ ነው አልጽፍም የሚለው። እምቢታው ጥበቃ ነው። ሪስታርት ግን ዊንዶውስን ሙሉ በሙሉ ይዘጋዋል። ብዙ ሰው ተቃራኒውን ነው የሚያስበው።

ያ ባለሙያ ታዲያ በራሱ በሚነሳው ትእዛዝ ጥበቃውን ነው ያባረረው። እንዲህ ዓይነት ጥገና በጣም ያናድደኛል። ለአንድ ቀን ይሠራል፣ ባለሙያው ሂሳቡን ተቀብሎ ይሄዳል፣ የሚከስረው የመመረቂያ ሥራው የጠፋበት ልጅ ነው።

ዛሬ ማታ እሱ ያልነካው አንድ ማሽን ላይ ሺፍትን ተጭነሽ ይዘሽ ሸት ዳውን በዪው። ይህ ሙሉ መዝጊያ ነው። ጠዋት በቀጥታ ኡቡንቱን ክፈቺ። ዲ ከተጻፈበት ጥርጣሬዬ ትክክል ነው። ያኔ 24ቱም ላይ ከኮንትሮል ፓነል ፓወር ኦፕሽንስ ግቢ፣ የማብሪያ ቁልፎቹ ምን እንደሚሠሩ የሚመረጥበትን ክፈቺ፣ የተቆለፉትን መቀየሪያ ከላይ ተጫኚና የፋስት ስታርትአፕን ምልክት አንሺ። ትልልቅ የዊንዶውስ አፕዴቶች አንዳንዴ ስለሚመልሱት ከአፕዴት በኋላ እዪው።

ቀጥሎ ያንን በራሱ የሚነሳ ትእዛዝ ከኡቡንቱ አጥፊ። ከዚያ ዊንዶውስ ገብተሽ ዲ ላይ የስህተት ምርመራውን አስኪጂ። ይህ ግን ፋይሎቹ ከተገለበጡ በኋላ ነው። ምርመራው የተሰበረ መዝገብ ሲያስተካክል ፋይል ሊቆርጥ ይችላል። ሳትገለብጪ አትነኪው።

ሰዓቱ ሌላ ጉዳይ ነው፣ ቀላልም ነው። ኡቡንቱ የማዘርቦርዱን ሰዓት በግሪንዊች ይይዛል፣ ዊንዶውስ ደግሞ ያንኑ የአገር ሰዓት ነው ብሎ ያነበዋል። እኛ 3 ሰዓት ስለምንቀድም ልዩነቱ ልክ 3 ይሆናል። ኡቡንቱ ተርሚናል (ትእዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) ላይ «timedatectl set-local-rtc 1» የሚለውን ትእዛዝ ጻፊ። እኛ አገር በጋና ክረምት ሰዓት ስለማይቀየር አያስቸግርም።

መብራት በጠፋ ቁጥር ቀኑ ዓመታት ወደ ኋላ የሚሄድበት ማሽን ካለ ግን የማዘርቦርዱ ባትሪ ነው። ሲአር 2032 ይባላል፣ 3 ቮልት ነው። ስም የለሹን ርካሽ አትግዢ፣ ሱቁ ውስጥ ሳለሽ በመልቲሜትር ለኪው። ከ3 ቮልት በታች የሚያሳይ «አዲስ» ባትሪ መልሺላቸው። ስትቀይሪ ገመዱን ከሶኬት ንቀዪ።

ይህ ሁሉ ተደርጎ አንድ ማሽን አሁንም ፋይል የሚያጠፋ ከሆነ፣ ያኔ ዲስኩን እንጠርጥር። ኡቡንቱ ውስጥ ዲስክስ የሚለውን ፕሮግራም ከፍተሽ የስማርት መረጃውን (ዲስኩ ስለ ራሱ ጤንነት የሚመዘግበውን) ተመልከቺና ያየሽውን ላኪልኝ። እስከዚያ ግን ዲን በግድ አትክፈቱት።