መልስ፦ ከለቅሶው ወዲህ እናቴን ደረቷን ይጨንቃታል፣ ሐዘን ነው?

ፈጣሪ ያጽናችሁ ወንድሜ። ግፊት ላለባቸው እናት «ሐዘን ነው» ብለህ አትለፈው፤ ዛሬውኑ ኢሲጂ (የልብ ምርመራ) ይነሱ። ሐዘን አድሬናሊንና ኮርቲሶል የሚባሉ የጭንቀት ሆርሞኖችን ያንራል፣ ግፊት ይጨምራል፤ ድንገተኛ የልብ ሕመምም በመጀመሪያዎቹ ቀናት ያሰጋል።

ለቅሶ ቤት ይበልጥ የሚጎዳው የተረሳ ኪኒን ነው። እንግዳ ሲገባ ሲወጣ የጠዋቷ የግፊት ኪኒን፣ አምሎዲፒን፣ ትዘለላለች። ከቁርሳቸው ስኒ አጠገብ አስቀምጥና ሲውጧት እይ። ጅማ ላይ ቡና እምቢ ማለት ከባድ ነው፤ ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ ግን ይቅርባቸው፣ ግማሹ ካፌይን ከሰውነት እስኪወጣ 5 ሰዓት ያህል ይፈጃል። እህል እምቢ ካሉ አጥሚት በትንሽ በትንሹ።

የደረት ሕመሙ 15 ደቂቃ ካለፈ፣ ወደ ግራ እጅ ወይም መንጋጋ ከሄደ፣ ላብ ካጠመቃቸው፣ ሌሊትም ቢሆን ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ድንገተኛ ክፍል አድርሳቸው።