ሸራ ነው ከማለታችሁ በፊት ረዳቱን ጠይቁት

ሰሞኑን አንድ ወጣት መካኒክ ደወለልኝ። «ጋሼ፣ የጭነት መኪና ነው፤ የፊት ጎማው ይፋጫል። ሸራ ልቀይር ወይስ ኩሽኔታ?» አለኝ። ሸራ ፍሬን ሲያዝ ተጭኖ ጎማውን የሚያቆመው ነው፤ ኩሽኔታ ደግሞ ጎማው የሚሽከረከርበት ባለ ሮለር ቀለበት። በአንድ ቃል እንድመልስለት ነው የፈለገው። «ድምፁን ማን ሰማው?» አልኩት። «ሾፌሩ።» «አንተስ?» «እኔማ ቆሞ ነው ያገኘሁት።»

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ አንድ ልጅ ትዝ አለኝ። እስቲ ስለሱ ላውጋችሁ።

ያኔ ገና መፍቻ አቀባይ ነበርኩ። አለቃችን ጎበዝ ነበር፤ ይህን ማንም አይክደውም። ሞተር ሲገጥም ቆሞ ማየት ብቻ ትምህርት ነው። ችግሩ፣ ሰው ተናግሮ ሳይጨርስ መልሱን ያውቀዋል። አንድ ቀን አንድ ትልቅ የጭነት መኪና ገባ። ሾፌሩ ወረደና «ፊት፣ በግራ በኩል፣ ብረት ከብረት ይፋጫል» አለ። አለቃችን ዞር ብሎም አላየውም። «ሸራው አልቋል። ንቀሉት!» አለን።

የመኪናው ረዳት ቀጭን ልጅ ነው። ጎማውን ስፈታ አጠገቤ ቁጢጥ ብሎ ዳዶዎቹን እየተቀበለ ቆርቆሮ ውስጥ ይጨምራል። ድንገት ድምፁን ዝቅ አደረገና «ፍሬን ሳይያዝም እኮ ይጮሃል» አለኝ። «ወደ ቀኝ ስንታጠፍ ይብስበታል። ወደ ግራ ስንታጠፍ ዝም ይላል።» ለአለቃችን ለመናገር ፈርቶ ለእኔ መንገሩ ነው። እኔም እንደሱ ፈሪ መሆኔን አላወቀም።

ሸራው የሚጫንበት ክብ ብረት፣ ታምቡሩ፣ ወጣ። ሸራው በእርግጥም ሳስቷል። አለቃችን «አላልኳችሁም?» ብሎ ሳቀ። ታምቡሩ ከሞዞው፣ ጎማው ከሚታሰርበትና ኩሽኔታውን ከያዘው ብረት፣ ተለይቶ የሚወጣ ዓይነት ስለነበር ኩሽኔታውን ማንም አላየውም። ከሞዞው ጀርባ ግን የኩሽኔታው ቅባት፣ ግራሶው፣ ዙሪያውን ተረጭቷል። ጠቁሯል፣ ቀጥኗል፣ የተቃጠለ ዘይት ይሸታል። ግራሶው እንዳይወጣ የሚያፍነው ቀለበት፣ ፓራዮሊው፣ ማለቁን ያ ግራሶ እየነገረን ነበር። አለቃችን «ጨርቅ አምጣና ጥረገው፤ ሸራውን እንዳይነካው» አለኝ። ጠረግኩት። ልጁ ያየኛል። እኔ ቀና አላልኩም።

አዲስ ሸራ ተገጠመ። ጊቢ ውስጥ ዞር ዞር ተደረገ፣ ምንም አልተሰማም። በዚያ ፍጥነት፣ ያለ ጭነት፣ ምን ሊሰማ? መኪናው ጭነቱን ጭኖ ሄደ።

ተጎትቶ ተመለሰ። ሞዞው ሲወጣ የኩሽኔታው ሮለሮች ሰማያዊ ሆነዋል። መያዣ ቀለበቱ ተበጣጥሶ ከግራሶው ጋር ተቦክቷል። ኩሽኔታው የሚቀመጥበት ብረት ራሱ ተፍቋል። ጎማው መንገድ ላይ ተነቅሎ አለመውጣቱ ዕድል ነው። ባለንብረቱ እየጮኸ መጣ። አለቃችን ምን ቢል ጥሩ ነው? «ረዳቱ ምን ይሠራል? በየማረፊያው ወርዶ ጎማ መሞቁን አያይም?» ልጁ የዚያኑ ቀን ተባረረ። የነገረኝን አውቃለሁ። የጠረግኩትንም አውቃለሁ። አፌን ዘግቼ መፍቻ ሳቀብል ዋልኩ። ስሙን እንኳ በወጉ አልያዝኩትም።

እንግዲህ ያ ልጅ መኪናውን ሳይነካ የተናገረው ነገር ምርመራውን ጨርሶታል። መኪና ወደ ቀኝ ሲታጠፍ ክብደቱ ወደ ግራ ጎማ ይጫናል። የተበላ ኩሽኔታ ደግሞ ሲጫኑት ነው የሚጮኸው። ወደ ቀኝ ሲታጠፍ የሚብስ ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የግራው ነው። ፍሬን ሲረገጥ ብቻ የሚፋጭ ከሆነ ወደ ሸራና ታምቡር፣ ዲስክም ከሆነ ወደ ዲስኩ ሂዱ። ሳይረገጥም ካለ፣ ከፍጥነቱ ጋር ከፍ ዝቅ ካለ፣ ነገሩ ሌላ ነው። ሜዳ መንገድ ላይ ለአፍታ ማርሹን አውጥታችሁ ፎሌ አድርጉት፤ ሞተሩ ረግቦ ድምፁ ካልረገበ ሞተሩን ተዉት። ኮረኮንች ከተነዳ በኋላ ድንገት የመጣ ጩኸት ደግሞ ብዙ ጊዜ ጠጠር ነው። በዲስኩና ከኋላው ባለው ቆርቆሮ መሃል ይቀረቀራል። ለጠጠር ብሎ ኩሽኔታ የቀየረ መካኒክ አውቃለሁ። ገንዘቡንም ተቀብሏል።

ጎማም ያሳስታል። ፊቱ እየተጎረደ የተበላ ጎማ ልክ እንደ ኩሽኔታ ያጉረመርማል። ጎማውን ወደ ሌላ ቦታ አዛውራችሁ ድምፁ አብሮት ከሄደ ኩሽኔታውን በነፃ አሰናብቱት።

መኪና ስለሚያነሳው ክሪክና ተነስቶ ስለሚደገፍበት ካቫሌቶ አልነግራችሁም። ያንን የማያውቅ ሰው መኪና ሥር መግባት የለበትም። አንድ ነገር ግን ብዙዎች ሲዘሉት አያለሁ። ጎማው ከተነሳ በኋላ አንድ እጅ ከላይ፣ አንድ እጅ ከታች አድርጋችሁ ስትነቀንቁት ከተንቀሳቀሰ፣ «ኩሽኔታ ነው» ብላችሁ አትሩጡ። አንድ ሰው ፍሬን ይርገጥላችሁና እንደገና ነቅንቁት። ንቅናቄው ከጠፋ ኩሽኔታው ነው። ካልጠፋ ጎማው ሲታጠፍ ወደሚዞርበት ዘንግ፣ ወደ ፔርኖው፣ ተመልከቱ። ቀጥሎ ፍሬኑን አስለቅቁና ተነባብሮ የመኪናውን ክብደት የሚሸከመው ብረት፣ ባሌስትራው፣ ላይ እጃችሁን አሳርፋችሁ ጎማውን አሽከርክሩት። የተበላ ኩሽኔታ ከጆሮ በፊት ለመዳፍ ይሰማል፤ አሸዋ እንደመዳሰስ ነው። ከመንገድ እንደገባ ደግሞ የግራውንና የቀኙን ሞዞ ሙቀት አወዳድሩ። መዳፋችሁን አስጠጉ እንጂ አትንኩት፣ ይልጣችኋል። ሙቀት ብቻውን ግን አይፈርድም። ያልለቀቀ ፍሬንም ያግላል።

የዘንድሮ ልጆች አንድ ነገራችሁ አይገባኝም። ድምፁን በስልክ ቀድታችሁ «ይሄ ምንድነው?» ብላችሁ ትልካላችሁ። ስልክ ውስጥ የሚሰማው ንፋስና የሾፌሩ ዘፈን ነው! ከዚያ ደግሞ ዕቃ እየቀየራችሁ ትሞክራላችሁ። ሸራ ተቀየረ፣ አልተወውም። ኩሽኔታ ተቀየረ፣ አልተወውም። ይሄ ምርመራ ሳይሆን ሎተሪ ነው።

እንዲህ እላለሁ እንጂ፣ ባለፈው አንዲት ወጣት መካኒክ አፌን አስይዛኛለች። ስልኩን መጀመሪያ በግራው፣ ቀጥሎ በቀኙ ጎማ አካባቢ በደንብ አስራ፣ በአንድ ፍጥነት አስነድታ ሁለቱን አሰማችኝ። ሾፌሩ «በግራ ነው» ይል ነበር፤ የሚጮኸው የቀኙ ነው። ድምፅ የግራና የቀኝ ጎማውን በሚያገናኘው አክስል ላይ እየሄደ ሰውን እንደሚያታልል አውቃለሁ፤ በስልክ ይያዛል ብዬ ግን አላሰብኩም። በእኛ ጊዜ ለዚህ የምንጠቀመው ረጅም ካቻቪቴ ነው። ጎማው በክሪክ ተነስቶ በእጅ እየተሽከረከረ፣ ጫፉን ከማይዞረው ብረት ላይ፣ እጀታውን ጆሮ ላይ። ያስተማረኝ ያው አለቃችን ነው። ለብረት እንዴት ያለ ጆሮ ነበረው!

ስለዚህ ሾፌሩን ጠይቁት። መቼ ጀመረ? ሲታጠፍስ? ሲጫንስ? ፍሬን ሲያዝስ? ከሾፌሩ ይልቅ ረዳቱን ጠይቁት፤ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ የሚሄደው እሱ ነው። ከዚያ ራሳችሁ ገብታችሁ ሂዱበት። የሚያስፈራ ንቅናቄ ካለው ግን ሙከራ የሚባል ነገር የለም፤ ከቆመበት አይንቀሳቀስ።

መቀየሩ ላይ ብዙ አልልም። ሮለሩን ቀይራችሁ ሞዞው ውስጥ የተመታውን አሮጌ ቀለበት አትተዉ፤ ሁለቱ አብረው ነው የሚቀየሩት። ግራሶውን በመዳፋችሁ ገፍታችሁ በሮለሮቹ መሃል በወዲያ በኩል እስኪወጣ ሙሉት። ኩሽኔታውን የሚይዘውን ዳዶ፣ ሞዞውን እያሽከረከራችሁ፣ አጥብቁ፣ ከዚያ ፋብሪካው ባዘዘው ልክ አላሉት። አለቃችን በእጁ ግምት ነበር የሚያጠብቀው። እኔም ብዙ ዘመን እንደዚያው ሠርቻለሁ። አሁን በመለኪያ ሳላረጋግጥ አልለቅም፤ እናንተም በመለኪያ ሥሩ። አሮጌውን ፓራዮሊ ጠርጌ ልመልሰው የሚል ካለ ግን እኔ ጋ አይደውል።