ስለ የሎ ማጂክ ኦርኬስትራ ዳግም መገናኘት

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። የጃፓኑ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ቡድን የሎ ማጂክ ኦርኬስትራ ከተለያየ በኋላ ተመልሶ አዲስ ሙዚቃ ሠርቷል ወይስ የድሮውን ብቻ ደግሟል ብለው ጠይቀዋል፤ በእርግጥ አዲስ ሠርቷል። ሃሩኦሚ ሆሶኖ፣ ዩኪሂሮ ታካሃሺና ርዩኢቺ ሳካሞቶ እ.ኤ.አ. በ1978 የመሠረቱት ይህ ቡድን በ1983 ሥራውን ሲያቆም «ፈርሰናል» አላለም፤ ይልቁንም ወታደሮች በመስክ ላይ ተራርቀው መበተናቸውን የሚገልጸውን «ሳንካይ» የተባለ ቃል መረጠ። እኔ ይህን ምርጫ ሁልጊዜ እወደዋለሁ፤ የተበተነ ተመልሶ ሊሰበሰብ ይችላልና።

ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ1993፣ ሦስቱም ተገናኝተው «ቴክኖዶን» የተባለውን አዲስ አልበም አወጡ፤ በቶኪዮ ዶምም ለሁለት ቀን ተጫወቱ። የስሙ መብት በቀድሞው አሳታሚያቸው እጅ ስለነበረ ስማቸውን እንዳለ ሊጠቀሙበት አልቻሉም፤ በዚህም ምክንያት በአልበሙ ሽፋን ላይ የስማቸው የእንግሊዝኛ ምኅጻር የሆኑት ሦስት ፊደላት (YMO) በትልቅ የኤክስ ምልክት ተሰርዘው ይታያሉ። ሙዚቃውም ቢሆን የድሮውን ተወዳጅ ዜማ ለመድገም የተሠራ ሳይሆን የዘመኑን የቴክኖ (በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የሚሠራ የዳንስ ሙዚቃ) ድምፅ ተከትሎ የሄደ፣ ቀዝቀዝ ያለና ትዕግሥት የሚጠይቅ ሥራ ነው፤ በእኔ እምነት ከሚገባው በታች የተወደሰ አልበም ነው።

በ2007 እንደገና ተሰብስበው የ1979ኙን ዜማቸውን «ራይዲን»ን ረጋ ባለ አዲስ ቅንብር ቀረጹት፤ በዚያው ዓመትም «ሬስኪው» የተባለ አዲስ ነጠላ ዜማ አወጡ። ታካሃሺና ሳካሞቶ በ2023 በጥቂት ወራት ልዩነት ስላረፉ ሦስቱን አንድ ላይ ለመስማት የቀሩን ቅጂዎቻቸው ናቸው። ሁለቱን «ራይዲን» በተከታታይ ቢያዳምጧቸው ልዩነቱ ወዲያው ይሰማዎታል።