ኩቬት ላይ 24፣ ቆዳ ላይ ስንት?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ መምህርት። የፋርማሲ ሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነኝ። የመመረቂያ ሥራዬ ከዕፅዋት የፀሐይ መከላከያ ክሬም መቀመም ነው። የተክሉን ቅጠል አድርቄና ፈጭቼ፣ በ70 በመቶ ኢታኖል ዘፍዝፌ ኤክስትራክቱን አወጣሁ። በስፔክትሮፎቶሜትር (ናሙና ምን ያህል ብርሃን እንደሚውጥ በሚለካው መሣሪያ) ለክቼ በማንሱር ቀመር ሳሰላው ኤስፒኤፉ (ከፀሐይ የመከላከል አቅሙ መለኪያ) 24 መጣልኝና በደስታ ፈነጠዝኩ። ኤክስትራክቱን በ5 በመቶ መጠን ክሬም ውስጥ ጨምሬ በዚያው መንገድ ስለካው ግን 1.2 ሆኖ ቁጭ አለ። በዚያ ላይ ነጭ የነበረው ክሬም እየቆየ ቡናማ ሆነብኝ። አማካሪዬ «መሠረቱ ክሬም አበላሽቶት ይሆናል፣ ቀይሪው» ይሉኛል። ከየት ልጀምር? ስሜ ይቆይ።

መልስ፦ አንቺ ማለቴን አትቀየሚኝ፤ የማስተምራቸው ልጆች በአንቺ ዕድሜ ናቸውና አፌ ለምዶታል። መሠረቱን ለመቀየር አትቸኩዪ። ቢያንስ ቁጥሩን ያወረደው እሱ አይደለም። 24ቱም 1.2ቱም አንድ ናቸው።

የማቅጠኛ ገጽሽን ግለጪ። የተለመደውን አሠራር ተከትለሽ ከሆነ 1 ግራም ናሙና በ100 ሚሊ ሊትር ኢታኖል አሟሙተሻል፤ ከዚያ 5 ሚሊ ሊትር ወስደሽ ወደ 50፣ እንደገና 5 ወስደሽ ወደ 25 አቅጥነሻል። ኩቬት (ናሙናው የሚለካበት ትንሽ ብልቃጥ) ውስጥ የገባው በሚሊ ሊትር 0.2 ሚሊ ግራም ነው ማለት ነው። በመጀመሪያው ልኬት ያ 0.2 በሙሉ ኤክስትራክት ነበር። በሁለተኛው ግን 0.2ው ክሬም ነው፤ ከውስጡ ኤክስትራክቱ 5 በመቶ፣ ማለትም 0.01 ብቻ። ሃያ እጥፍ ቀጥኗል። 24ን ለ20 አካፍይና ተመልከቺ።

ስለዚህ የጠፋብሽ ነገር የለም። ሊያሳስብሽ የሚገባው ያስፈነጠዘሽ 24 ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 የወጣው የማንሱር ቀመር ከ290 እስከ 320 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት በየ5 ናኖሜትሩ አብዞርባንስ (ናሙናው ጨረሩን የዋጠበትን መጠን) ይወስዳል፣ እያንዳንዱን በተመደበለት ቋሚ ቁጥር ያባዛል፣ ይደምራል፣ ድምሩን በ10 ያባዛል። ቋሚዎቹ ሲደመሩ 1 ይሆናሉ። እንግዲህ ልብሱ ሲገፈፍ ቀመሩ «የአብዞርባንስ ሚዛናዊ አማካይ ሲባዛ በ10» ነው፤ ከ60 በመቶ በላይ ሚዛን ደግሞ የ300 እና የ305 ናኖሜትር ድርሻ ነው። 0.2 ባልሽበት 0.4 ብትይ ኖሮ 48 አካባቢ ባገኘሽ ነበር። በማቅጠን ብቻ የሚወጣና የሚወርድ ቁጥር የተክሉ ሳይሆን የፒፔቱ (የማቅጠኛው መስፈሪያ ቱቦ) ነው። (24 ማለት አማካይ አብዞርባንስሽ 2.4 ነበር ማለት ነው። ከ2 በላይ ብዙ መሣሪያዎች የሚሰጡት ንባብ አይታመንም፤ የእናንተን መሣሪያ ገደብ ከመመሪያው እዪ።)

10ም ቢሆን ከሰማይ የወረደ አይደለም። 8 በመቶ ሆሞሳሌት (ጨረር የሚውጥ ውህድ) የያዘ መመሳከሪያ ክሬም ኤስፒኤፍ 4 እንዲሰጥ ታስቦ የተስተካከለ ቁጥር ነው። ከዚህም ሌላ ቀመሩ 320 ላይ ይቆማል። ከ320 እስከ 400 ያለው ዩቪኤ፣ ቆዳ ውስጥ ጠልቆ የሚገባውና መስኮት አልፎ የሚመጣው፣ ከነጭራሹ አልተለካም።

ኤስፒኤፍ የሰው ቆዳ መለኪያ ነው። በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር ቆዳ 2 ሚሊ ግራም ክሬም ይቀባል፣ ጨረር ይለቀቅበታል፣ የተቀባውን ቆዳ ለማቅላት ያስፈለገው አነስተኛ የጨረር መጠን፣ ክሬም የሌለበትን ቆዳ ለማቅላት ላስፈለገው ይካፈላል። ክሬሙ እዚያ ላይ ከፀጉር የቀጠነ ሽፋን ነው፤ ቆዳ ደግሞ እንደ ኩቬት ለጥ ያለ አይደለም፣ ሸንተረርና ጎድጓዳ አለው። ክሬምሽ በደንብ ሳይዘረጋ ቀርቶ ከቆዳው አሥር በመቶው ባዶ ቢሆን በዚያ በኩል አሥር በመቶው ጨረር ያልፋል፤ ያኔ የቀረው ሽፋን የቱንም ያህል ብርቱ ቢሆን ኤስፒኤፉ ከ10 አይበልጥም። የፎርሙሌሽን (የመቀመም) ሙያ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ውፍረቱ፣ አዘረጋጉ፣ ሲደርቅ የሚተወው ሽፋን፣ ላብና ውሃ መቋቋሙ የቅጠሉን ያህል ይወስናሉ። ብዙ የመመረቂያ ጽሑፎች ግን ሠላሳ ገጽ ለቅጠሉ፣ አንድ አንቀጽ ለክሬሙ ይሰጣሉ። ሳነብ የምናደደው በዚህ ነው።

ቀጥሎ የዕፅዋት ጥናት የሚሰናከልበትን ወጥመድ ልንገርሽ። ብዙዎቹ ፖሊፌኖሎች (በዕፅዋት ውስጥ የሚገኙ ውህዶች) ብግነት ያበርዳሉ። የሰው ቆዳ ላይ ያለው ፈተና የሚቆጥረው ደግሞ መቅላትን ነው። መቅላቱን ያፈነ ኤክስትራክት ጨረሩን ሳያስቆም ቁጥሩን ከፍ ያደርጋል፤ ሰውየው ቆዳው ስላልቀላ ፀሐይ ላይ ይቆያል፣ የሴሎቹ ዲኤንኤ ግን እየተመታ ነው። ስለዚህ ከተክል የመጣ ክሬም በሰው ላይ ጥሩ ቁጥር ቢያመጣም ምን ያህል ጨረር እንደሚያስተላልፍ ለብቻው መለካት አለበት።

ወደ ቡናማው እንምጣ። መሠረቱን የምጠረጥረው እዚህ ላይ ነው። ምን ዓይነት እንደሆነ አልጻፍሽልኝም፤ የተማሪ ቤተ ሙከራ የሚወደው የስቴሪክ አሲድና የትራይኤታኖላሚን ክሬም ከሆነ ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው) ወደ 8 ይጠጋል። ፖሊፌኖል በእንዲህ ያለ ፒኤች ከአየር ጋር ሲገናኝ ይኦክሳይዳል፣ ይጠቁራል። ብናኝ ብረት ካለበት ይባስ። ኖንአዮኒክ ኢመልሲፋየር (ዘይትና ውሃን የሚያዋህድ፣ የኤሌክትሪክ ሙል የሌለው ንጥረ ነገር) ያለው መሠረት ውሰጂ፣ ፒኤቹን 5 አካባቢ አድርጊ፣ ብረቱን የሚይዝ ኢዲቲኤ 0.1 በመቶ ጨምሪ፣ ብርሃንና አየር በማያስገባ ዕቃ አስቀምጪ። በ40 ዲግሪ ሴልሺየስና በ75 በመቶ እርጥበት ለስድስት ወር የሚደረገውን የመቆያ ፈተና ለመጨረስ ጊዜ ባይኖርሽ እንኳ ጀምሪውና የደረስሽበትን ጻፊ። የክሬሙን ዘይትና ውሃ መለያየት ብቻ አትዪ፤ አንድ መለያ ውህድ መርጠሽ ስንት እንደቀረ ውህዶችን ለይቶ በሚለካው በኤችፒኤልሲ መሣሪያ ተከታተዪ። ያ ከሌለ የዘንድሮው ቅጠል ከሚመጣው ዓመት ቅጠል ጋር አንድ መሆኑን ማን ያውቃል?

ለመመረቂያሽ እኔ ብሆን አራት ክሬም እሠራ ነበር፦ መሠረቱ ብቻ፣ መሠረቱ ከኤክስትራክት ጋር፣ መሠረቱ ከተሸፈነ ዚንክ ኦክሳይድ ጋር፣ ሦስቱም አንድ ላይ። ፒኤምኤምኤ በሚባለው ሻካራ የፕላስቲክ ሳህን ላይ ቀብቼ የሚያስተላልፉትን ከ290 እስከ 400 እለካለሁ፤ ከዚያ ሳህኑን ለጨረር አጋልጬ እንደገና እለካለሁ። በጨረር የሚፈርስ ኤክስትራክት ድክመቱ በመጀመሪያው ልኬት አይታይም። በሳህን የኤስፒኤፍ አለካክ ዓለም አቀፍ ደረጃ የወጣለት እ.ኤ.አ. በ2024 ነው፤ አይኤስኦ 23675 ይባላል። ሮቦት ስለሚጠይቅ በእጅሽ ሙሉ በሙሉ አትደርሺበትም፤ ቢሆንም አንብቢው። ርዕስሽ ላይም «ኤስፒኤፍ 24» የሚለውን ሰርዢ።

ኤክስትራክቱ ዋጋ የለውም እያልኩሽ አይደለም። የዕፅዋት ጉልበት አብዛኛውን ጊዜ ጨረር ማገድ ላይ ሳይሆን አልፎ የገባው የሚያደርሰውን ጉዳት መቀነስ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣ ጥናት የቫይታሚን ሲና ኢ ድብልቅ ለቆዳ የሚሰጠውን መከላከያ ከዕፅዋት የሚገኘው ፌሩሊክ አሲድ ከ4 እጥፍ ወደ 8 እጥፍ እንዳሳደገው አሳይቷል። ያሳደገውም ድብልቁ ቶሎ እንዳይበላሽ ጭምር አድርጎ ነው። እሱም የፎርሙሌሽን ውጤት ነው፣ ልብ በዪ።

ጥያቄ፦ ሰባት ዓመት የሆናት አልቢኒዝም ያለባት ልጅ አለችኝ። ኬሚካል ስለምፈራ የኮኮናት ዘይት ከሎሚ ጭማቂ ጋር ቀላቅዬ ፊቷንና እጇን እቀባታለሁ። ኮኮናት ኤስፒኤፍ 8 አለው ሲባል ሰማሁ። ይበቃል?

መልስ፦ አይበቃም፤ ሎሚውን ደግሞ ዛሬውኑ ያቁሙ። በሎሚና በዘመዶቹ ውስጥ ፉራኖኩማሪን የሚባሉ ውህዶች አሉ። ቆዳ ላይ ሆነው ዩቪኤ ሲያገኛቸው ያቃጥላሉ፤ ውሃ የቋጠረ ቁስል ያወጣሉ፣ ጠባሳው ለወራት ሊቆይ ይችላል። የበለስ ተክል ወተትም እንዲሁ ነው። ተፈጥሯዊ የሆነ ሁሉ ገር አይደለም፤ ለልጅዎ ቆዳ ደግሞ ይብሳል።

ስለ ኮኮናት የሰሙት ቁጥር የመጣው እ.ኤ.አ. በ2010 ከወጣ የቤተ ሙከራ ልኬት ነው፤ ከላይ ለተማሪዋ ባስረዳሁት በዚያው በማንሱር ቀመር የተሰላ። ቁጥሩ እውነት ቢሆን እንኳ ሜላኒን (ቆዳን የሚያጠቁረው ቀለም) ለሌለው ቆዳ 8 ምንም አይደለም። ኤስፒኤፍ 30 ወይም ከዚያ በላይ፣ ዩቪኤንም የሚከላከል ክሬም ይፈልጉ። «ኬሚካል» ካስፈራዎት ዚንክ ኦክሳይድ ያለበትን ይምረጡ፤ እሱ ደቃቅ ማዕድን ነው፣ በልጅ ቆዳ ላይም ይታመናል። ከመውጣቷ በፊት ወፈር አድርገው ይቀቧት፣ ውጭ ከቆየች በየሁለት ሰዓቱ ይድገሙት። ሰው ብዙ ጊዜ የሚቀባው ከሚገባው ግማሹን ወይም ሩቡን ነውና አይሰስቱ። ጆሮዋን፣ ማጅራቷንና ከንፈሯን አይርሱ።

ከክሬሙ በፊት ግን ሰፊ ጠርዝ ያለው ባርኔጣ፣ እጅጌው ረጅም የሆነ ጥቅጥቅ ያለ ልብስና ጥላ ይቀድማሉ። እነሱ በላብ አይለቁም፣ አይረሱም፣ ጊዜያቸውም አያልፍም። ክሬም በየቀኑ መቀባት ፋይዳ እንዳለው በሰው ላይ ተፈትኗል፤ አውስትራሊያ ናምቦር ውስጥ ከ1992 እስከ 1996 እ.ኤ.አ. 1,621 ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት በየቀኑ የሚቀቡት ላይ ስኳመስ ሴል የተባለው የቆዳ ካንሰር በ40 በመቶ ገደማ መቀነሱን አሳይቷል። የኮኮናት ዘይት እንዲህ ዓይነት ማስረጃ የለውም። የቆዳ ሐኪምም በየጊዜው ይያት፤ የማይድን ትንሽ ቁስል ካዩ ቀጠሮ አይጠብቁ።

ጥያቄ፦ ከፈርን ተክል የተሠራ፣ የሚዋጥ የፀሐይ መከላከያ እንክብል አለ ይባላል። እውነት ነው ወይስ ቀልድ?

መልስ፦ አለ። ፖሊፖዲየም ሊውኮቶሞስ የሚባለው የፈርን ኤክስትራክት ሲዋጥ ቆዳ በጨረር የሚቀላበትን ጊዜ በመጠኑ እንደሚያዘገይ በትናንሽ የሰው ጥናቶች ታይቷል። ጨረሩን ግን አያግድም፤ ክሬምና ባርኔጣ ላይ ይደረባል እንጂ በእነሱ ፈንታ አይዋጥም። ነፍሰ ጡር ከሆኑ ወይም ሌላ መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ መጀመሪያ ፋርማሲስትዎን ያማክሩ።