የወላጆች ግሩፕ ጫጫታና የክፍል ውስጥ መተግበሪያ፦ ለጠየቅሽው የኔ መልስ

መምህርት፣ ጥያቄሽን አንብቤ ዝም ብዬ ማለፍ አልሆነልኝም። ሁለት ነገር ነው የጠየቅሽው። ክፍል ውስጥ የትኛውን መተግበሪያ ልጠቀም? የወላጆች ግሩፕ ከፍቼ ጫጫታው አሰለቸኝ፣ ልዝጋው ወይ? ሒሳብ ሳስተምር ብዙ ዓመት ሆኖኛል፣ ሁለቱንም በየቀኑ የምጠቀምባቸው ስለሆነ የማውቀውን ላካፍልሽ።

ከግሩፑ ልጀምር። አትዝጊው፣ ቅርጹን ቀይሪው። ወላጆቹ ምንም አላጠፉም። ግሩፕ ሁሉም የሚናገርበት ቦታ ነው። ሁሉም "እሺ"፣ "እናመሰግናለን" እያለ ሲጽፍ የነገው ፈተና ማስታወቂያ በመሃሉ ተቀብሮ ይቀራል። ቴሌግራም የምትጠቀሚ ከሆነ ቻናል ክፈቺ። እዚያ የምትለጥፊው አንቺ ብቻ ነሽ፣ አንዱ ወላጅም የሌላውን ስም ዝርዝር አያይም። ዋትስአፕ ግሩፕ ላይ ግን የአባላት ስልክ ቁጥር ለሌሎቹ ይታያል። ቁጥራቸው በማንም እጅ እንዲገባ የማይፈልጉ ወላጆች አሉ፣ ምክንያታቸውን መጠየቅም አያስፈልግም። ዋትስአፕን መተው ካልቻልሽ፣ መልእክት የሚልኩት አስተዳዳሪዎች ብቻ እንዲሆኑ የሚያደርግ ምርጫ አለው፣ እሱን አብሪው።

ቻናሉ ላይ የማንንም ልጅ ስም አትጥሪ። ውጤትም ሆነ ጥፋት እዚያ አይወራም። ምስጋናም ቢሆን ተጠንቀቂ፤ ስሙ ያልተጠራው ልጅ እናትም ታነባለች። ፎቶ ከሆነ ደግሞ ያለ ወላጅ ፈቃድ በፍጹም።

ዋናው ሥራ ያለው ለአንድ ወላጅ ለብቻው በምትልኪው አጭር መልእክት ላይ ነው። ብዙዎቻችን የምንጽፈው "ልጅዎ ሒሳብ ላይ ደካማ ነው፣ ይከታተሉት" ዓይነት ነው። ወላጁ ይህን አንብቦ ምን ያድርግ? ልጁን ይቆጣል፣ በቃ። ከዚህ ይልቅ እንዲህ ብለሽ ጻፊ፦ "ልጅዎ ክፍልፋይ ሲደምር ታህቶቹን እኩል ሳያደርግ ነው የሚደምረው። ዛሬ ከሰጠሁት የቤት ሥራ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ጥያቄዎች ጮክ ብሎ እያስረዳዎት ይሥራ።" ይህን ለማድረግ ወላጁ ሒሳብ ማወቅ አይጠበቅበትም። ቁጭ ብሎ ማዳመጥ ይበቃዋል።

ነገሩ በጥናትም ታይቷል። ማቲው ክራፍትና ቶድ ሮጀርስ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. 2015 ላይ ባሳተሙት ጥናት፣ አሜሪካ ውስጥ የወደቁበትን ኮርስ በክረምት ለሚደግሙ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ወላጆች መምህራን በሳምንት አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ እንዲልኩ ተደረገ። ወላጆቻቸው መልእክት ካልደረሳቸው ተማሪዎች ውስጥ ኮርሱን ሳያልፉ የቀሩት 16 በመቶ ገደማ ነበሩ። ወላጆቻቸው መልእክት በደረሳቸው ዘንድ ቁጥሩ 9 በመቶ አካባቢ ሆነ። በተለይ የሠራው "ጎበዝ ነው" የሚለው መልእክት ሳይሆን ምን ማሻሻል እንዳለበት የሚናገረው ነው። ለኔ ከማንኛውም ውድ ሲስተም ይልቅ ይህ ተስፋ ይሰጠኛል። አንድ ዓረፍተ ነገር ማንም መምህር ይችላል።

ስማርት ስልክ የሌላቸውን ወላጆች እንዳትረሺ። ለእነሱ ኤስኤምኤስ ላኪ። ግን ልብ በይ፣ አንድ ኤስኤምኤስ በላቲን ፊደል 160 ምልክት ይይዛል፣ በኛ ፊደል ግን ክፍት ቦታውን ጨምሮ 70 ብቻ ነው። ከዚያ ካለፈ ተቆራርጦ እንደ ሁለትና ሦስት መልእክት ይቆጠራል። ስለዚህ ሰላምታውን አሳጥረሽ ወደ ጉዳዩ ግቢ። ማንበብ ለሚከብዳቸው ደግሞ ደውይ፣ ወይም በድምፅ ላኪ። የመምህሩን ድምፅ የሰማ ወላጅ ቶሎ ይቀርባል።

ሰዓትም ወስኚ። የምትመልሺበትን ሰዓት በዓመቱ መጀመሪያ ንገሪያቸውና ጽኚበት። ማታ የጻፍሽውንም ቴሌግራም ላይ የመላኪያውን ምልክት ጫን ብለሽ በመያዝ ጠዋት እንዲሄድ ቀጠሮ ማስያዝ ትችያለሽ።

አሁን ወደ ክፍሉ። መተግበሪያ ከመምረጥሽ በፊት "ልጁ በዚህ ምን ያደርጋል?" ብለሽ ጠይቂ። መልሱ "ያያል" ከሆነ ይቅርብሽ። ቪዲዮ ሲያዩ የገባቸው ይመስላቸዋል፣ እኛንም ያታልለናል። ሮዲገርና ካርፒኬ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. 2006 ላይ ያሳተሙት ሙከራ አለ። አንድን ጽሑፍ ደጋግመው ያነበቡት ተማሪዎች ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን የበለጡት አንብበው ራሳቸውን የፈተኑት ናቸው። ስለዚህ ልጁ እንዲመልስ የሚያደርግ መሣሪያ ፈልጊ።

እኔ አጥብቄ የምመክርሽ ፕሊከርስ (Plickers) የሚባለውን መተግበሪያ ነው። የሚያስፈልገው ያንቺ ስልክ ብቻ ነው፣ ተማሪዎቹ ምንም አይዙም። ለእያንዳንዱ ልጅ የራሱ ቁጥር ያለው ካርድ በወረቀት ታትሞ ይሰጠዋል። ካርዱ እስከ 63 ተማሪ ድረስ ይበቃል። አራት ጎን አለው፣ እያንዳንዱ ጎን አንድ ምርጫ ነው። ልጁ መልሱን ወደ ላይ አዙሮ ከፍ ያደርጋል፣ አንቺ ስልክሽን ክፍሉ ላይ ታዞሪያለሽ፣ ማን ምን እንደመለሰ ወዲያው ይወጣል። የካርዶቹ ሥዕል ስለሚለያይ ከጎን አይቶ መኮረጅ ይከብዳል። እጁን አውጥቶ የማያውቀው ዝምተኛ ልጅም ይመልሳል። እኔ በጣም የምወድለት ይህን ነው።

ጥያቄውን ስታወጪ የተሳሳቱት ምርጫዎች ልጆቹ በእውነት ከሚሳሳቱት የተወሰዱ ይሁኑ። 1/2 + 1/3 ስንት ነው ብለሽ 2/5ን ከምርጫዎቹ አንዱ አድርጊው። ግማሹ ክፍል 2/5 ካለ ትምህርቱን አቁመሽ እንደገና አስረጂ። አምስት ልጅ ብቻ ከሆነ፣ ለአምስቱ ወላጆች የምትልኪው መልእክት እዚያው ተገኘ። ክፍሉና የወላጁ መልእክት አንድ ሥራ የሚሆኑት በዚህ መንገድ ነው።

ተማሪዎች በስልክ ወይም በታብሌት እየተወዳደሩ ጥያቄ የሚመልሱበት ካሁት (Kahoot) የሚባለው መተግበሪያም ጥሩ ነው፣ ልጆቹ ይወዱታል። ግን ለፍጥነት ነጥብ ስለሚሰጥ አስቦ የሚመልሰው ልጅ ይጎዳል። የጥያቄውን ሰዓት አርዝሚለት። ተማሪዎቹ ስልክ ወይም ታብሌት ከያዙ ደግሞ ጥያቄው እንዳለቀ ቦርሳ ይግባ። ሌላ ነገር የሚነካካ ልጅ ከኋላው ተቀምጦ የሚያየውንም ይጎዳል።

ስንት ተማሪ እንዳለሽ፣ ክፍሉ ውስጥ ኢንተርኔት መኖሩንና የምታስተምሪውን የትምህርት ዓይነት አልጻፍሽም። እሱን ከነገርሽኝ ለመጀመሪያው ሳምንት የሚሆኑ ጥያቄዎችን አብረን እናወጣለን።